በልክ የተሰፋው ባቡር

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. በሰሜን ደቡብ መስመር ሥራ ሲጀምር ብዙ ሰው መጀመሪያ ያየው አዲሱን ቀለም ነበር። ያ ቀለም ግን ለማማር ብቻ የተቀባ አልነበረም።

ባቡሮቹን የሠራው በቻይና ቻንግቹን ከተማ የሚገኝ ፋብሪካ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ ፀሐዩ ቀለም ያለቅቃል፣ የበርና የመስኮት ጎማ ይሰነጣጥቃል። ስለዚህ ፀሐይ የሚችል ቀለምና ጎማ ተመረጠ። አየሩም ስስ ነው፤ ስስ አየር የጋለ ሞተር ቶሎ አያበርድም፣ ኤሌክትሪክም ከተለመደው በላይ ርቀት ዘልሎ ብልጭ ሊል ይችላል። ለቆላ ከተማ የተሠራን ባቡር እንዳለ አምጥቶ ሐዲድ ላይ ማስቀመጥ የማይቻለው ለዚህ ነው። 41ዱም ባቡሮች ባለ ሦስት ክፍል ናቸው፤ አብዛኛው ወለላቸው ዝቅ ያለ በመሆኑ አዛውንትም ሆነ ሕፃን ያዘለች እናት ደረጃ ሳይወጡ ይገባሉ። ሥራው የሚመሰገን ነው።

ነገር ግን ልክ የተወሰደው ለአየሩና ለፀሐዩ ብቻ ነበር። ባቡሩ ሲሰበር ማን በምን ይጠግነዋል የሚለው በልኩ ውስጥ አልገባም።

ይህን ጥያቄ ድሬዳዋ ቀድማ መልሳው ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ሎኮሞቲቮቹ የአውሮፓ ነበሩ፤ ሐዲዱም 1 ሜትር ብቻ የሚሰፋ ጠባብ ነበር። ድሬዳዋ ላይ ግን ብረት ማቅለጫና ቶርኖ ያለው ትልቅ ወርክሾፕ ቆመ። አንድ ዕቃ ሲሰበር የፈረንሳይ መርከብ እስኪመጣ ከመጠበቅ፣ እዚያው ቀልጦና ተቀርጾ የሚተካው ብዙ ነበር። ሙያው ከሽማግሌ ወደ ወጣት፣ አንዳንዴም ከአባት ወደ ልጅ አለፈ። መስመሩ ጦርነትና የመንግሥት ለውጥ እየተፈራረቀበት አሥርት ዓመታት የሄደው በእነዚህ እጆች ነው። (ኋላ ላይ መዳከሙ ሌላ ታሪክ ነው።)

ወደ ቀላል ባቡሩ እንመለስ። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው መስመር 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤክዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሼንዘን ሜትሮ ባለሙያዎች አንቀሳቀሱት። ከዚያ በኋላ ዋናው መለዋወጫ ከቻይና፣ መግዣው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ሆነ። ምንዛሪ ሲጠፋ ባቡር ይቆማል። ሥራ በተጀመረ አሥር ዓመት ሳይሞላ አብዛኞቹ ባቡሮች ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ፤ ከአንዱ የተፈታ ዕቃ ለሌላው ማስነሻ እንዲሆን ወርክሾፑ ውስጥ ቆመው የሚጠብቁም ነበሩ።

ከአያትና ከቃሊቲ በጠዋት የሚነሣው ሠራተኛ የሚያውቀው ውጤቱን ነው። የሚመጣው ባቡር ጥቂት፣ የመጣውም ከአፍ እስከ ገደፉ የሞላ ነው። በሩ ሳይዘጋ ግማሹ ተሳፋሪ ወደ ታክሲ ሰልፍ ይዞራል።