አረም እግር የለውም፤ ታዲያ ጓሮአችን ድረስ ማን አመጣው?

ዝናቡ ከገባ ወዲህ ከምትልኩልኝ ፎቶዎች አብዛኞቹ የአረም ናቸው። ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት በልጃቸው ስልክ ያስላኩት ፎቶ ግን ብዙ አሳሰበኝ። ከጎመኑ መደብ ጥግ፣ ከፍግ ክምሩ አጠገብ፣ ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተበጣጠሰ፣ አናቱ ላይ ጥቃቅን ነጫጭ አበባ ያወጣ ተክል ቆሟል። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፦ «ልጄ፣ ይሄን ማንም አልዘራው። ከየት መጣ?»

ስሙን መናገር ቀላል ነው፤ ፓርቲኒየም ይባላል። «ከየት መጣ?» የሚለው ግን ረጅም ታሪክ አለው። ዛሬ እሱን ላውጋችሁ። አረም የመጣበትን መንገድ ያወቀ ሰው በሩን መዝጋት ይችላል፤ መንገዱን ያላወቀ ግን ዕድሜ ልኩን ሲያርም ይኖራል።

መጀመሪያ ከምናውቀው ከእንክርዳድ እንነሳ። ስንዴ ከመካከለኛው ምሥራቅ ተነስቶ በዓለም ሲሰራጭ እንክርዳድም አብሮት ተጓዘ። ማንም ሆን ብሎ አልወሰደውም። ቡቃያው ስንዴ ስለሚመስል ሲታረም ይታለፋል፤ ፍሬው ከስንዴ ፍሬ ጋር ስለሚቀራረብ ሲበጠርም ይቀራል። በዓመቱ ገበሬው ዘሩን ሲዘራ እንክርዳዱንም በገዛ እጁ ይዘራዋል። የስንዴና የእንክርዳድ ምሳሌ በወንጌል የተነገረው ነገሩ ያኔም የገበሬ ሁሉ ችግር ስለነበር ነው። እናቶቻችን እህል ሲለቅሙ እንክርዳዱን አንድ በአንድ የሚያወጡትም በከንቱ አይደለም፤ ዱቄት ውስጥ ከገባ ራስ ያዞራል። እንግዲህ የመጀመሪያው የአረም መንገድ ይሄ ነው፦ ያልተበጠረ ዘር።

አሁን ወደ ፓርቲኒየም እንሂድ። የትውልድ አገሩ አሜሪካ አህጉር ነው፤ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ያለው ምድር። ከዚያ ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣው በሰው ጭነት ነው። በአውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ በሚባለው ግዛት፣ ሁለት ጊዜ እንደገባ ይነገራል። አንዴ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከተጓጓዙ የማሽንና የአውሮፕላን ዕቃዎች ጋር፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ ከአሜሪካ፣ ከቴክሳስ በመጣ የግጦሽ ሣር ዘር ውስጥ። ሕንድ ውስጥ በ1950ዎቹ አጋማሽ ፑኔ በምትባል ከተማ ታየ፤ በእርዳታ ከመጣ ስንዴ ጋር እንደገባ በሰፊው ይታመናል። ሕንዶች ቅጠሉን አይተው «የካሮት ሣር» አሉት።

ወደ እኛ አገርስ? በዘርፉ የጻፉ ተመራማሪዎች በብዛት የሚጠቅሱት ሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በምሥራቅ በኩል ነው። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ በወታደር ተሽከርካሪዎች ጎማና ጭነት ዘሩ እንደገባ ይታመናል። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ በ1972 ዓ.ም. ገደማ፣ ድሬዳዋና ሐረር አካባቢ አረሙ መታየት ጀመረ። ሁለተኛው ወሎ ነው። በ77ቱ ድርቅ ዘመን የእርዳታ እህል ይታደልባቸው በነበሩ ቦታዎች አቅራቢያ፣ ደሴ አካባቢ፣ ሌላ መነሻ ተፈጠረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያ እህል የብዙ ሰው ነፍስ አድኗል። ሰልፍ ላይ የቆመችው እናት ጆንያው ውስጥ ከስንዴው ጋር ምን እንዳለ ልታውቅ አትችልም፤ ብታውቅም የተራቡ ልጆቿን ይዛ አልቀበልም ልትል አትችልም። ይሄን የማወራው ማንንም ለመውቀስ ብዬ አይደለም። ክፉ አረም ከደግ ነገር ጋር ተጭኖ እንደሚመጣ እንድታስተውሉ ነው። የዛሬው ጓሮአችንም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲያ አረሙ መንገድ መንገዱን ያዘ። ከአስፋልት ዳር ወደ ከተማ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ወደ ግጦሽ መሬት፣ ከግጦሽ ወደ ማሳ፣ ከማሳ ወደ ጓሮ። የጭነት መኪና አንቀሳቀሰው፤ ለግንባታ የሚቆፈር አሸዋና አፈር ወሰደው፤ ጎርፍ አወረደው፤ የከብት ኮቴ ተሸከመው። በሐረርጌ በኩል በኦሮምኛ «ፋራምሲሳ» ተባለ፤ «አስፈራሚ» እንደማለት ነው። መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ የሚያሰኝ አረም ማለታቸው ነው። ከዚህ ስም በላይ ምሬቱን የሚናገር የለም።

ለምንድነው እንዲህ የበረታው? ከብት አይወደውም። ከብቱ ሌላውን ሣር ሲግጥ እሱ ሰፊ ቦታ አግኝቶ ይንሰራፋል። ከሥሩና ከቅጠሉ የሚወጣው ንጥረ ነገር አጠገቡ ያለውን ቡቃያ ያቀጭጫል። እርጥበት ካገኘ በአንድ ወር ገደማ ማበብ ይጀምራል፤ አንድ ተክል ብቻውን 15,000 እና ከዚያም በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ዘሩ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ለዓመታት ይቆያል። ሰውንም ይጎዳል፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ያቆስላል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስጨንቃል። የበላችው ላም ወተቷ ይመራል። በአገራችን ተመራማሪዎች ቅጠሉንና ግንዱን የሚበሉ ነፍሳት ከውጭ አስመጥተው፣ ሌላ ሰብል እንዳይነኩ አምቦ ላይ ፈትሸው ወደ መስክ ለቀዋል። ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ነፍሳቱ የእናንተን ጓሮ ይጠብቁልኛል ብላችሁ እጃችሁን አታጣጥፉ።

ሁሉም አረም ግን በጦርነትና በእርዳታ አልመጣም። ጎመንና ሽንኩርት መደባችሁ ላይ የምትበቅለውን፣ አምስት ትናንሽ ነጭ ቅጠል ያላት፣ መሃሏ ቢጫ የሆነችውን ባለ አበባ አረም ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ስሟ በየአካባቢው ይለያያል፤ የሳይንስ ስሟ ጋሊንሶጋ ነው። አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1796 ከፔሩ ወደ ለንደን፣ ኪው ወደሚባለው ታዋቂ የዕፅዋት ማኖሪያ ተወሰደች። ከዚያ አጥር ዘላ አመለጠች፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያልገባችበት ጓሮ ጥቂት ነው። የወፍ ቆሎም እንዲሁ ለአበባውና ለአጥር ብለው ሰዎች ከአሜሪካ አህጉር አውጥተው በዓለም ተከሉት፤ ፍሬውን ወፍ በላችና በየጫካው በተነችው። እንቦጭም ውብ አበባ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃና አዋሽ ላይ ተመዘገበ፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ታየ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይሄ ደግሞ ሌላው መንገድ ነው፦ ስለሚያምር ብቻ ሳይመረመር የሚተከል።

እንግዲህ ወደ እኚያ እናት ጓሮ እንመለስ። ስልክ ደውዬ ጠየቅኳቸው፦ «እማማ፣ ዘንድሮ ወደ ጓሮ ምን አዲስ ነገር አስገቡ?» አሰብ አደረጉና ለላሟ ከመንገድ ዳር የታጨደ ሣር መግዛታቸውን ነገሩኝ። ላሟ የተወችው ትርፍራፊ ከበረት ተጠርጎ ፍግ ላይ ተጥሏል፤ ፍጉ ሳይበስል ጎመኑ ላይ ተበትኗል። ሠራዊትና ጆንያ ያደረገውን አንድ ሸክም ሣር አደረገው ማለት ነው።

ስለዚህ የጓሮ አረም መከላከል በዶማ አይጀምርም፤ በበር ላይ ይጀምራል። ዘር ስትገዙ ወይም ከጎረቤት ስትበደሩ አበጥሩ፣ በወንፊት ንፉ፣ ልቀሙ። ችግኝ ስታመጡ አብሮት የመጣውን አፈር እዩ፤ የበቀለ አረም ካለ ከሥሩ ነቅላችሁ አውጡ። ያበበ ወይም ዘር የያዘ ሣር ለመኖም ለጉዝጓዝም አታስገቡ። ጥሬ ፍግ መደብ ላይ አትበትኑ። ኮምፖስት ስታዘጋጁ ዱላ ሰክታችሁ ሙቀቱን ፈትሹ፤ ዱላው ሲወጣ በደንብ ትኩስ መሆን አለበት፤ ዳር ያለው መሃል እንዲገባም ደጋግማችሁ አገላብጡ። ሙቀት ያልነካው ዘር አይሞትም። አውስትራሊያዎች ለፓርቲኒየም ሲሉ የመኪና ማጠቢያ ጣቢያ ሠርተዋል፤ እኛ ደግሞ ቢያንስ የተዋስነውን ዶማና አካፋ፣ የጫማችንንም ጭቃ፣ ጓሮ ከመግባታችን በፊት እናራግፍ።

አፈር ውስጥ ቀድሞ ላለው ዘር ደግሞ ይሄን ሞክሩ። መደቡን አዘጋጅታችሁ ውሃ አጠጡና ለአሥርና አሥራ አምስት ቀን ተዉት። አረሙ ሲበቅል ሳትቆፍሩ ከላይ ከላይ ኮትኩታችሁ አጥፉት፤ ከዚያ ትከሉ። በጥልቀት ከቆፈራችሁ የተቀበረውን ዘር ታወጡታላችሁ። ከተከላችሁ በኋላ መሬቱን በንጹሕ ጭድ አልብሱት።

ፓርቲኒየም ካያችሁ ደግሞ ሳያብብ፣ መሬቱ እርጥብ ሳለ፣ እጃችሁን በጓንት ወይም በፌስታል ሸፍናችሁ ከነሥሩ ንቀሉ። ካበበ ፍግ ላይ አትጣሉት፣ ለከብት አትስጡት፤ ዘሩን ሳታራግፉ ሰብስባችሁ፣ አድርቃችሁ አቃጥሉት፤ ጭሱን ግን አትማጉ። ልጆችን አታስነቅሉ፤ አስም ያለበትም አይጠጋ።

እኚያ እናት የነቀሉት ሦስት ተክል ብቻ ነበር። ሦስቱ ዘራቸውን ቢበትኑ ኖሮ ስንት ሺህ እንደሚሆን እናንተው አስሉት። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ዛሬ ማታ ጓሮአችሁን አንዴ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፤ የማታውቁት ተክል ካገኛችሁ ፎቶውን ላኩልኝ። ለጎረቤታችሁም ይሄን ጽሑፍ ሼር አድርጉለት፤ የሱ አጥር ጥግ ያበበው አረም ነገ የእናንተ ነውና። መልካም የአረም ወቅት!