«ጓያ በላ»፦ የአንድ የነርቭ በሽታ የቃላት ታሪክ ከደምቢያ እስከ ገዳሪፍ

ከደምቢያ ሜዳ አጠገብ ተነሥቶ በመተማና በጋላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚወርደው መንገድ ከጥቁር አፈር ጀምሮ በጥቁር አፈር ያበቃል። የገዳሪፉ አፈር፣ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የትራክተር እርሻ ከተጀመረበት ወዲህ፣ የማሽላና የሰሊጥ ሆኗል። በደምቢያና በፎገራ ግን ክረምት ሲወጣ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ጓያ ድርቅን ይችላል፤ ሌላው ሰብል በከዳ ጊዜ እርሱ አይከዳም። ጣጣውም ከዚሁ ይመነጫል፤ ለወራት ከጓያ በቀር የሚበላ ያጣ ሰው፣ ይልቁንም በጉልበት ሥራ ላይ ያለ ወጣት ወንድ፣ አንድ ቀን እግሮቹ አልታዘዝ ይሉታል። ደዌው አእምሮን ሳይነካ እንቅስቃሴን የሚያዙትን ነርቮች ያጠፋል፤ የጠፋውም አይመለስም።

በሽታው በአውሮፓም የታወቀ ነበር። የቩርተምበርግ መስፍን በ1671 የጓያ ዱቄትን በአዋጅ ከልክሏል፤ «ላቲሪዝም» የሚለውን ስም ያወጣው ግን በ1873 የኔፕልሱ ሐኪም አርናልዶ ካንታኒ ነው። በኢትዮጵያ ጥናቱን በሰፊው ያካሄዱት የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር በደምቢያና በፎገራ ቤት ለቤት በተደረገ ቆጠራ፣ ከ1000 ነዋሪ 6 ያህሉ በዚህ ሽባነት የተያዙ መሆናቸውን በ1990 አሳተሙ። ሕዝቡ በበኩሉ በሽታውን የሚያመጣው ከሚቀቀለው ጓያ የሚወጣው እንፋሎት ወይም የገለባው ንክኪ ነው ይል ነበር። ይህን እንደ ተራ አጉል እምነት ማለፍ አይገባም፤ ቅቅሉን መጠርጠሩ ከንቱ አልነበረምና።

ይህም የተገለጠው በ1990ዎቹ አጋማሽ በደላንታ ወረርሽኝ ከተነሣ በኋላ ነው። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ተባባሪዎቻቸው በ2003 በ«ላንሴት» እንዳስነበቡት፣ ንፍሮውና ጥሬው እሸት የሽባነትን አደጋ ሲጨምሩ፣ እንጀራው፣ ቂጣውና ወጡ ግን አልጨመሩም። ከእህል ጋር መቀላቀሉም አደጋውን ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ነገሩ የቋንቋ ተመራማሪው ይሆናል። «ጓያ በላ» የሚለው ግስ ንፍሮን፣ ቆሎን፣ እሸትን፣ ሽሮንና ቂጣን በአንድ ጆንያ ይከታል፤ ሳይንሱ የለያቸውን ያዋሕዳል። አማርኛ ልዩነቱን ስም በስም ይዞታል፤ መጠይቁ ግን ግሱን ብቻ ከጠየቀ ልዩነቱ ይጠፋል።

ድንበሩን ሲሻገሩ ችግሩ ይደራረባል። በ2020 ዳግም በተከፈተው የኡም ራኩባ መጠለያ ትግርኛ ተናጋሪው ጓያን «ሰበረ» ይለዋል። (ስሙን ከግሱ ጋር አዛምዶ «እግር የሚሰብር» ማለት የሚያጓጓ ነው፤ ነገር ግን የድምፅ መመሳሰል የሥርወ ቃል ማስረጃ አይሆንም።) አስተርጓሚው ለዐረብኛ ተናጋሪው ሐኪም «ጁልባን» ብሎ ቢያልፍ የእህሉን ስም በትክክል ተርጉሟል፤ የምርመራውን ጥያቄ ግን አልተረጎመም። መሣሪያው ሩቅ አይደለም፤ የሱዳን ዐረብኛ ለንፍሮ «በሊላ»፣ ለእንጀራ ዘመድ «ኪስራ» አለው። የሚያስቸግረው እሸቱ ነው። እሸት ከማሳ ላይ ተቀጥፎ፣ ያለ ድስትና ያለ ምጣድ ይበላል። ስለዚህ «በቤታችሁ ምን ይበስላል?» ተብላ የተጠየቀች እናት ልጇ በእረኝነት ሳለ የቃመውን በመልሷ ልታካትተው አትችልም።