ወገብ የሚያስረውና ትከሻ የሚሸከመው

ይጁቤ ዛሬ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን የታወቀችው በባሶ ገበያ ነበር። ነጋዴው ከዓባይ ማዶ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ይዞ ወንዙን ይሻገራል፤ ሰውም ለባርነት እየተነዳ ይመጣ ነበር፤ ይህን ዘሎ ማለፍ አይገባም። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው፣ ዶቃና በምጽዋ በኩል የገባ የባሕር ማዶ ጨርቅ ይወርዳል። የደህና ባላገር ሚስት ከዚህ ሁሉ ጨርቁን ትሸምት ይሆናል፤ ገላዋን የሚደግፍላት ግን እዚያው አገሯ የተፈተለው መቀነት ነው።

መቀነትን እንደ ጌጥ ብቻ የሚያይ ሰው እንስራ አዝሎ ዳገት ወጥቶ አያውቅም። ጥጡን ሴቷ ትፈትላለች፣ ሸማኔው ይሸምነዋል፤ ከሰፊው ቀሚስ ላይ ወገብን ደጋግሞ ይዞራል። ውኃ ወይም እንጨት የተሸከመችውን ሴት ጀርባ ያጠነክራል፣ ቀሚሷን ከጭቃ ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ የገበያ ብሯም በጫፉ ይቋጠራል። አራስ ሴት ሆዷን የምታስረው በእሱ ነው። ለእስክስታ ስትነሳም መጀመሪያ ጠበቅ የምታደርገው እሱን ነው፤ ወገብ ካልጸና ትከሻ አይታዘዝም። ጡት ግን አይታሰርም። ሕፃን በፈለገ ሰዓት የሚጠባውን ጡት ማሰር ለማን ይጠቅማል?

በዚያው ዘመን የአውሮፓ ወይዘሮ ኮርሴት ታጥቃ ነበር፤ በዓሣ ነባሪ አጥንት፣ ኋላም በብረት የተወጠረ፣ ጡትን ከሥር ወደ ላይ የሚገፋ ልብስ። ሁለቱም ወገብ ይይዛሉ፤ ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። መቀነትን የታጠቀችው ራሷ ታላላዋለች፤ ከጀርባ የሚታሰረው ኮርሴት አንዳንድ ጊዜ የሌላ ሰው እጅ ይፈልጋል። አንዱ ለሥራ፣ ሌላው ለዓይን የተበጀ ይመስለኛል።

ሸክሙን ከወገብ ወደ ትከሻ ያዛወሩት ሴቶች ናቸው። ፈረንሳዊቷ ኤርሚኒ ካዶል በ1889 እ.ኤ.አ. ኮርሴቱን ለሁለት ከፈለችው፤ የላይኛውም ክፍል በትከሻ ተንጠለጠለ። አሜሪካዊቷ ሜሪ ፌልፕስ ጃኮብ ሁለት መሐረብ በሪባን አያይዛ ለሠራችው ጡት ማስያዣ በኖቬምበር 1914 የፈጠራ መብት አወጣች፤ ኋላም ለዋርነር ኩባንያ በ1,500 ዶላር ሸጠችው። ሐሳቡ ከእነርሱም ይቀድማል፤ በኦስትሪያ ሌንግበርግ ግንብ በ2008 እ.ኤ.አ. የተገኙ የበፍታ ቅዳጆች በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሰፉ ጡት ማስያዣዎች ሆነው ተገኝተዋል።

የውስጥ ልብስ ወደ እኛ የመጣበትን አንዱን መንገድ «ሙታንታ» የሚለው ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ይጠቁማል። ጡት ማስያዣ የተፈለገው ግን ሰፊው ቀሚስ በሸሚዝና በሹራብ ሲተካ፣ ልጃገረዶችም ተማሪ ቤት ሲገቡ ይመስለኛል። ወደ ገጠር ገበያ ከሰልባጅ ጋር ዘለቀ። መቀነትንም አላስወጣም፤ አንዷ ሴት ሁለቱንም ትለብሳለች፣ አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ከሥር።

የአሜሪካው ካምፕ ኩባንያ በ1932 እ.ኤ.አ. የጡትን መጠን ከኤ እስከ ዲ በፊደል ለክቷል። በገበያ ድንኳን ውስጥ ግን መለኪያ ክፍል የለም። ገዢዋ ከቀሚሷ ላይ ደርባ ታየዋለች፣ ነጋዴው በዓይኑ ይለካና «ይሆንሻል» ይላታል፤ ክርክሩ በዋጋው ላይ ነው።