አዲስ አውራ ዶሮን ከነባር ዶሮዎች ጋር ማላመድ

አዲስ አውራ ዶሮን ማላመድ ማለት ከገበያ ወይም ከሌላ ቤት የመጣን አውራ ዶሮ አብረው ከኖሩ የጓሮ ዶሮዎች ጋር ያለ በሽታና ያለ ከባድ ጉዳት መቀላቀል ነው። እንደ ስድስት ኪሎና አራዳ ባሉ የአዲስ አበባ የቆዩ ሰፈሮች ዶሮ የሚረባው ብዙ ጊዜ ጎረቤታሞች በሚጋሩት ጠባብ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ሥራው ከገጠሩ ይከብዳል። የተሸነፈ ዶሮ የሚሸሽበት ሜዳ የለም፤ አንዱ ቤት የገባ በሽታም ከጎረቤቱ ዶሮዎች የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚፈራው ጠቡን ነው። ጠብ ግን በዐይን ይታያል፤ ብዙውን ጊዜም በጥቂት ቀናት ይበርዳል። ሁሉንም ዶሮ ሊጨርስ የሚችለው አዲሱ አውራ ይዞት የሚገባው በሽታ፣ በተለይም ፈንግል ነው።

አውራ የሚያስፈልግበት ምክንያት

ሴት ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም። አውራ የሚፈለገው ጫጩት ለማስፈልፈል ነው፤ እንቁላል ብቻ የሚፈልግ ቤተሰብ ይህን ሁሉ ድካም ሊተወው ይችላል። ጫጩት ለሚያስፈልፍል ግን አውራን በየጊዜው መለወጥ ይጠቅማል፤ አንድ አውራ ለዓመታት ከቆየ የገዛ ልጆቹን ስለሚያጠቃ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች እየደከሙ ይሄዳሉ። ለአንድ አውራ ከ8 እስከ 12 ሴት ዶሮ ይመጥነዋል። ሦስት ወይም አራት ብቻ ከሆኑ በመደጋገም ስለሚወጣባቸው የጀርባቸው ላባ ይረግፋል። እንደ ሳሶ ያለ ግዙፍ ዝርያ ደግሞ ትንንሾቹን የሐበሻ ዶሮዎች ሊጎዳ ይችላል።

ፈንግልና ለይቶ ማቆየት

ፈንግል በሌላው ዓለም የኒውካስል በሽታ የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ከተለየበት የእንግሊዝ ከተማ ነው። በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን መድኃኒት የለውም። የታመመ ዶሮ ይተክዛል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አረንጓዴ ቅዘን ይቀዝናል፣ አንዳንዴም አንገቱ ይጠመዘዛል። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 15 ቀን ሊወስድ ስለሚችል፣ ገበያ ላይ ቆሞ የሚጮኸው ያማረ አውራ ጤነኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ሾላን በመሳሰሉ ገበያዎች ከብዙ ወረዳ የመጡ ዶሮዎች በአንድ ላይ ይታጎራሉ። ዶሮው መታመሙን ያየ ባለቤት ከመሞቱ በፊት ሊሸጠው ይቸኩላል። ለወጥ የተገዛን አውራ «ያምራል፣ ለዘር ይቅር» ብሎ ማስቀረት የተለመደ ቢሆንም፣ ለዘር የሚሆነውን ከበዓል ሰሞን ውጭ፣ የቀሩት ዶሮዎቹ ከሚታዩበት ቤት መግዛት ይሻላል።

የተገዛው አውራ ቢያንስ ለ3 ሳምንት ለብቻው ይቆያል። በግቢው ማዶ ማሰር ለይቶ ማቆየት አይባልም፤ ቫይረሱ በኩስ፣ በውኃ ዕቃና በጫማ ይሻገራልና። ቦታ የጠበበው ሰው ዶሮ በሌለው ዘመድ ቤት ቢያስቀምጠው ይመረጣል። ያም ካልሆነ የተዘጋ ክፍል ይሰጠዋል፤ መመገቢያና መጠጫውም የራሱ ይሆናል። ሁልጊዜም በቅድሚያ ነባሮቹን፣ ቀጥሎ አዲሱን መመገብ ይገባል፤ ከዚያም ጫማ መቀየርና እጅ መታጠብ። በእነዚህ ቀናት ከክንፉ ሥርና ከጅራቱ ዙሪያ ቅማል ይፈለጋል።

የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ በሚገኘው የመንግሥት የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ይመረታል። በዐይን ጠብታ የሚሰጠው ዓይነት በየ3 ወይም 4 ወሩ ይደገማል። ክትባቱ ኃይል እስኪያገኝ አንድ ሁለት ሳምንት ስለሚፈልግ አዲሱም ነባሮቹም ከመቀላቀላቸው አስቀድመው መከተብ አለባቸው። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃና ከተከፈተ በኋላ የማይቆይ በመሆኑ ጎረቤት ተዋጥቶ ቢገዛው ወጪውም ይቀላል፣ ሰፈሩም ይጠበቃል።

ማስተዋወቅ

ዶሮዎች እርስ በርስ የማዕረግ ቅደም ተከተል አላቸው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ በጽሑፍ ያስተዋወቀው ኖርዌያዊው ቶርሌይፍ ሽየልደሩፕ ኤበ ነው። አዲስ አውራ ሲገባ ይህ ቅደም ተከተል ይናጋል።

በብዙ ቤት አዲስ ዶሮ ቤቱን እስኪለምድ እግሩ በገመድ ይታሰራል። ልማዱ እንዳይጠፋ ያደርገዋል፤ ነገር ግን የታሰረ አውራ ሲነከስ መሸሽ አይችልም። ከዚያ ይልቅ ለአንድ ሳምንት ያህል በሽቦ መረብ ለይቶ እንዲተያዩ ማድረግ ይበጃል። ቀጥሎ ማታ፣ ነባሮቹ ከሰፈሩ በኋላ፣ ቆጡ ላይ አብሮ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ዶሮ በጨለማ አይጣላም። ጠዋት ግን ባለቤቱ ቀድሞ ተነስቶ ማየት አለበት። ጥሬና ውኃ በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ከተቀመጠ አንዱ ሌላውን ማስራብ አይችልም።

ነባር አውራ ካለ ጉዳዩ ይለያል። በጠባብ ግቢ ሁለት አውራ አብሮ መያዝ አይመከርም፤ አንገታቸውን ነፍተው በእግራቸው ሹል እየተዋጉ ዐይን እስከማጥፋት ይደርሳሉ። አሮጌው አዲሱ ከመግባቱ በፊት ቢሸጥ ወይም ቢታረድ ይሻላል (በዓል ከደረሰ ይህ ቤተሰቡን ብዙም አያስከፋም)። ስድስት ወር ያልሞላው አውራ ደግሞ በአሮጊቶቹ ሴት ዶሮዎች ሊደበደብ ስለሚችል ጠና ያለውን መምረጥ ነው።

አዲሱ አንድ ክንፉን ዝቅ አድርጎ በሴቷ ዙሪያ ቢሽከረከር ወይም ጥሬ አግኝቶ ቢጠራት መልመዱን ያሳያል። መነካከስና ማባረር ይጠበቃል። ደም ከታየ ግን የቆሰለው ወዲያው ይለያል፤ ዶሮዎች ደም ያዩበትን ቦታ ደጋግመው ይነክሳሉና።

እንቁላል ለማስታቀፍ

ሴት ዶሮ የአውራን ዘር በሆዷ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ታቆያለች። ስለዚህ የአዲሱን አውራ ዘር የሚፈልግ ሰው አሮጌው ከተወገደ በኋላ ቢያንስ ለ3 ሳምንት የተጣለውን እንቁላል ለምግብ አውሎ፣ ከዚያ ወዲህ የሚጣለውን ያስታቅፋል። ጫጩቶቹ ከታቀፈች በ21ኛው ቀን ገደማ ይፈለፈላሉ።