አንደበት ያገኘው የልጆች ቀልድ

ፊልም አንደበት ባገኘበት ዘመን ቀልድም ከአካል እንቅስቃሴ ወደ ንግግር መሸጋገር ነበረበት። ይህን ሽግግር በጉልህ ከሚያሳዩት ሥራዎች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ በሕፃናት ተዋንያን የቀልድ ፊልሞችን ያዘጋጅ የነበረው የሃል ሮች ስቱዲዮ በ1930 ያወጣው «የመምህርቷ ተወዳጅ» የተሰኘው አጭር ፊልም ነው። አዘጋጁ ሮበርት ማክጎዋን ነበር።

ጃኪ ኩፐር የሚጫወተው ተማሪ በአዲሷ መምህርት ላይ ከጓደኞቹ ጋር ተንኮል ይሸርባል። መንገድ ላይ በመኪናዋ ላሳፈረችው ቆንጆ ወይዘሪትም፣ መምህርቷ እርሷው መሆኗን ሳያውቅ፣ ምስጢሩን አንድ በአንድ ይዘከዝክላታል። ድምፅ አልባው ፊልም በሩጫና በውድቀት ያስቅ ነበር፤ እዚህ ግን ሳቁን የሚወልደው የልጁ የገዛ አንደበቱ ነው። መምህርቷም ልጁን የምታሳፍረው በአርጩሜ ሳይሆን በአይስክሬምና በኬክ ነው።

በዚያ ክፍል ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው ይማራሉ። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ይህ በሕግ የተከለከለ ነበር፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በዘር መለያየትን ሕገ ወጥ ያለው በ1954 ነው። ተከታታዩ ጥቁር ልጆችን በማላገጫ መልክ ከማቅረብ አልጸዳም። ይሁንና ሕጉ የነፈገውን የጋራ ክፍል ከ24 ዓመት አስቀድሞ ለተመልካች አሳይቷል።