ከፖንዛ እስከ ሚችሌ

ከሮማ በስተደቡብ፣ በቲሬኒያን ባሕር ላይ፣ ፖንዛ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። እሳተ ገሞራ የወለዳት ናት። ቆዳ ስፋቷ ስምንት ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከፍተኛው ጫፏ ሞንቴ ጓርዲያ 280 ሜትር ያህል ነው። እኔ የምኖርባት ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር አልፋ የተቀመጠች በመሆኗ፣ የፖንዛ ተራራ በእኛ ዓይን ከኮረብታም የሚቆጠር አይደለም። ጎብኚዎች ግን ስለ ደሴቲቱ ተናግረው አይጠግቡም። ኪያያ ዲ ሉና የሚሉት የባሕር ዳርቻ ቀጥ ብሎ በቆመ ነጣ ያለ ገደል ተከቧል፤ ወደዚያ የሚያወርደውን መተላለፊያ ዋሻ የፈለፈሉት የጥንት ሮማውያን ናቸው። በበጋ ጠላቂዎች አየር የታመቀበትን ጋን በጀርባቸው አዝለው ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ። ከሚያዩአቸው ነገሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1944 ፑንታ ፓፓ በሚባለው ቦታ አጠገብ የሰመጠ የተባበሩት መንግሥታት ጦር ማጓጓዣ መርከብ ነው። ዓሣ በብረቱ መካከል ይመላለሳል ይላሉ።

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ከዲላ በስተምዕራብ ያለው ትልቁ ውሃ ዓባያ ሐይቅ ነው፤ እርሱም ቀላ ያለ፣ ደለል የጠጣ ውሃ ስለሆነ፣ ውስጡን ለማየት መጥለቅ ማንንም የሚያጓጓ አይመስለኝም። ታዲያ በዲላ ባንክ ቤት ተቀምጦ የሰው ገንዘብ የሚቆጥር ሰው ፖንዛ ምን አገባው? ቢሉኝ መልሴ አጭር ነው። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ፣ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ፣ የታሰሩት በዚያች ደሴት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐዲስ ከጎጃም ጦር ጋር ወደ ሽሬ ግንባር ሲዘምቱ ገና ወጣት መምህር ነበሩ። የጦሩ አዛዥ ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ግንባሩ ከፈረሰ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ከአገር ከወጡ በኋላ፣ ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ አፈገፈጉ። «ጥቁር አንበሳ» የተሰኘው የወጣት ምሁራንና የሆለታ ዕጩ መኮንኖች ማኅበርም እርሳቸውን መሪ አድርጎ ትግሉን ቀጠለ። መጨረሻው ግን ጎጀብ ወንዝ ላይ ሆነ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጦሩ ተከቦ እጅ ሰጠ። በዚያው ሰሞን በእኛ በደቡቡ በኩል ይርጋለም በጣሊያን እጅ ገብታ ነበር፤ የሲዳሞው ገዢ ራስ ደስታ ዳምጠውም ሁለት ወር ያህል እየተሳደዱ ከቆዩ በኋላ በየካቲት ተይዘው ተረሸኑ። ራስ እምሩ ግን አልተገደሉም። ወደ ፖንዛ ተጋዙ። ሐዲስም እንዲሁ።

ፖንዛ ቀድሞም የግዞት ደሴት ነበረች። የፋሽስቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ ተቃዋሚዎቹን ወደዚያ ይልክ ነበር። ኋላ ከ1978 እስከ 1985 የጣሊያን ፕሬዚዳንት የሆኑት ሳንድሮ ፔርቲኒ በ1930ዎቹ ከግዞተኞቹ አንዱ ነበሩ። ሥራዬ ነውና ዓይኔ ቁጥር ላይ ይወድቃል፤ ለጣሊያናውያኑ ግዞተኞች ይከፈል የነበረው የቀን አበል መጀመሪያ 10 ሊሬ ነበር፣ በኋላ ወደ 5 ዝቅ ተደረገ። ከተወሰነላቸው ክልል እንዳይወጡ፣ በተመደበው ሰዓት ለስም ጥሪ እንዲቀርቡ ይገደዱ ነበር። አጥር ቢኖርም ባይኖርም ልዩነት አልነበረውም፤ ዙሪያው ባሕር ነው። ያው ዛሬ ጎብኚው ገንዘብ ከፍሎ የሚጠልቅበት ባሕር።

ታሪክ አንዳንዴ ልብ ወለድ ጸሐፊ እንኳ የማይደፍረውን ይደፍራል። ሐምሌ 21 ቀን 1935 ዓ.ም. ከሥልጣኑ የተሻረው ሙሶሊኒ በጠባቂዎች ታጅቦ ወደዚችው ወደ ፖንዛ መጣ። ሳንታ ማሪያ በምትባለው መንደር የገባበት ቤት ቀደም ሲል ራስ እምሩ በግዞት የተቀመጡበት ቤት ነበር። በማግስቱ 60 ዓመት ሞላው። ልደቱን ኢትዮጵያዊው መስፍን በተጋዘበት ጣሪያ ሥር አከበረ ማለት ነው፤ ማክበር ከተባለ። በደሴቲቱ የቆየው አሥር ቀን ያህል ብቻ ነው። ይህን ለልብ ወለድ ብጽፈው አርታዒው «ፍርድህ በጣም ቀና» ብሎ ይሰርዝብኝ ነበር።

ሐዲስ ከፖንዛ በኋላ የተላኩት ወደ ሌላ የእሳተ ገሞራ ደሴት ነው፤ ከሲሲሊ በስተሰሜን ወዳለችው ሊፓሪ። ጎረቤቷ ስትሮምቦሊ እስከ ዛሬ እሳት ትተፋለች፤ ሌላዋ ጎረቤት ቩልካኖ ደግሞ ለእሳተ ገሞራ ሁሉ በፈረንጅ አፍ ስሟን ያወረሰች ናት። ሊፓሪ በጥንት ዘመን በባልጩት ንግድ የታወቀች ነበረች። በቅርቡ ዘመን ደግሞ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ቀላል ድንጋይ እየቆፈሩ ይሸጡባት ነበር። ከዚህች ደሴት እ.ኤ.አ. በ1929 ካርሎ ሮሴሊና ሁለት ጓደኞቹ ሌሊት በሞተር ጀልባ አምልጠዋል። ለኢትዮጵያውያኑ ግን ጀልባ የሚልክላቸው ወዳጅ በቅርብ አልነበረም። ሐዲስ ነጻ የወጡት የተባበሩት መንግሥታት ጦር እ.ኤ.አ. በ1943 ሲሲሊን ከያዘ በኋላ ነው። በ1902 ዓ.ም. የተወለዱ ናቸውና፣ ወጣትነታቸው የሚባለው ዘመን ሰባት ዓመት ያህሉ በእስር አለቀ ማለት ነው።

እንግዲህ የሚገርመኝ ይህ ነው። ሰባት ዓመት ያህል በውሃ ተከቦ የኖረ ሰው በ1958 ዓ.ም. ባሳተመው ታላቅ ልብ ወለድ ውስጥ መድረኩ ባሕር አይደለም። መድረኩ የጎጃም ደጋ ነው። ውሃ ቢባል ዓባይ ነው። የእስራታቸውን ነገር የጻፉት ለብቻው፣ በ1985 ዓ.ም. በወጣው «ትዝታ» ነው። ልብ ወለዱን ግን ለቀዩት አገር ብቻ ሰጡት።

ሆኖም ደሴቲቱ ከመጽሐፉ ፈጽማ የጠፋች አይመስለኝም። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ ደራሲው እንዲህ ብለዋል አልልም። ሰብለ ወንጌልን ተመልከቱ። የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰፊ ነው፣ አገልጋይ ሞልቶበታል፤ እርሷ ግን «ለዘርሽ የሚመጥን ባል» እየተባለ ዕድሜዋ የሚያልፍባት ግዞተኛ ናት። ግንብ ሳይሆን ክብር ከቧታል። ጉዱ ካሳም በገዛ ወገኖቹ መካከል ለብቻው የሚኖር ሰው ነው፤ የሚያስተውለውን ሲናገር «እብድ» ይባላል። ያለ አጥር መታሰር ምን እንደሆነ ያልቀመሰ ሰው እነዚህን ሁለቱን በዚህ ጥንቃቄ ይስላቸው ነበር? እጠራጠራለሁ።

የመጽሐፉ ሌላው ጉልበት ግን መሬት ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማዱ ውጭ ግብር ሲጠይቁ ባላገሩ በአበጀ በለው መሪነት አልሰጥም ብሎ ይነሣል። ጎጃም ያለ አንባቢ ይህን ምዕራፍ ሲያነብ ጎጃምን ያያል። እኔ ዲላ ሆኜ ሳነበው የማየው ሚችሌን ነው።

ሚችሌ በጌዴኦ ምድር ውስጥ ያለ የቦታ ስም ነው። ጌዴኦ በእንሰትና በቡና፣ ከላይ በጥላ ዛፍ፣ አንዱን በሌላው ሥር አስጠግቶ የሚያለማ ሕዝብ ነው። ይህ የአዝመራ ጥበብ ከጥንታውያን ትክል ድንጋዮቹ ጋር «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር» ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። በነገራችን ላይ ሊፓሪና እህት ደሴቶቿ በዚያው መዝገብ የሰፈሩት በ2000 ነው። ስለዚህ የደራሲያችን ግዞትና የእኔ መኖሪያ አሁን በአንድ መዝገብ ላይ ናቸው። ነገር ግን መዝገብ የማይነግረው አለ። ያ ቡና ለዘመናት የገበሬው ብቻ አልነበረም። በቃላድ የተለካው መሬት ለባለርስት ተሰጠ፤ ገበሬው በአባቶቹ ቦታ ጭሰኛ ሆነ፤ ተክሎ ያሳደገውን ቡና ለባለርስቱ ያካፍል ጀመር። በ1952 ዓ.ም. ግን በቃ አለ። ሚችሌ ላይ ጦርና ዱላ የያዘ ገበሬ ጠመንጃ ከያዘ ጋር ተጋጠመ። ገበሬው በጥይት ረገፈ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ሊታተም የቀረው ስድስት ዓመት ነበር።

ሐዲስ ስለ ሚችሌ ጻፉ አላልሁም። በሥልጣን ላይ የነበሩ ሰው ናቸውና ወሬውን ሳይሰሙት አይቀሩም፤ ግን ልብ ወለዳቸው ከዚያ በፊት በነበረ ዘመንና በሌላ አገር የቆመ ነው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ከዚያች ደሴት የተመለሱት ሁለቱም ሰዎች፣ መስፍኑም መምህሩም፣ ዓይናቸው ጭሰኛው ላይ ማረፉ። ራስ እምሩ መሬታቸውን ለጭሰኞቻቸው በማከፋፈላቸው «ቀዩ ራስ» የሚል ስም ወጣላቸው። ሚችሌ በተደማ ማግስት፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርጉ ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው በሬዲዮ ያወጁት እርሳቸውን ነበር። ሹመቱ ሦስት ቀን አልተሻገረም። የገጠር መሬት አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ግን ራስ እምሩ በሕይወት ነበሩ፤ ያረፉት በ1972 ነው።

መጽሐፉ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ ማንበብ የማይችለውም ሰምቶታል። በሚችሌ የሆነውን ግን እንዲያ አድርጎ የተረከልን ደራሲ እስካሁን አላነበብሁም። በቡና ወቅት ባንካችን በአዛውንት ገበሬዎች ይሞላል፤ ብዙዎቹ የሚፈርሙት በጣት አሻራ ነው። መታወቂያቸውን ተቀብዬ የትውልድ ዘመናቸውን ስመዘግብ፣ በ1952 ስንት ዓመታቸው እንደነበረ በልቤ አሰላለሁ። ሰባት። አሥራ አንድ። አንድ ጊዜ ብቻ አሥራ ዘጠኝ የደረሰ መጣ፤ ሰልፉ ረጅም ስለነበር ገንዘባቸውን ቆጥሬ ሰጠኋቸው፣ እርሳቸውም መርቀውኝ ሄዱ።