ሁለት ሞኒተር፣ አንድ ጠረጴዛ

የዛሬው ክፍላችን ስለ ሞኒተር ነው። አትሳቁ! ታሪክ የንጉሥና የጦርነት ብቻ አይደለም፤ ጠረጴዛችን ላይ የተቀመጠው ዕቃም ታሪክ አለው። ሃይቴክ ውስጥ የምትሠሩ፣ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ ጌም የምትጫወቱ፣ ብዙዎቻችሁ ሁለት ስክሪን አላችሁ። ነገሩን የወለደው ግን ችግር ነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1981 አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ፣ ለስክሪኑ ሁለት ዓይነት ካርድ ነበር። አንደኛው ኤምዲኤ ይባላል፤ ፊደሉን ጥርት አድርጎ ያሳያል፣ ሥዕል ግን ጨርሶ አይችልም። ሁለተኛው ሲጂኤ ነው፤ ሥዕልም ቀለምም አለው፣ ግን ባለ ቀለሙ ሥዕል 320 በ200 ነጥብ ሆኖ ቀለሙ አራት ብቻ። ፊደሉ ደግሞ ሻካራ ነው፣ ሲያነቡት ቢውሉ ዓይን ያደክማል። ደብዳቤና ሒሳብ የሚሠራ የመጀመሪያውን ይወስዳል፣ ሥዕል የፈለገ ሁለተኛውን።

ደግነቱ ምን መሰላችሁ፣ ሁለቱ ካርዶች ሜሞሪ ውስጥ የየራሳቸው ቦታ ስለነበራቸው አይጣሉም። ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ኮምፒውተር ላይ መሰካት ይቻላል፤ ሁለት ካርድ፣ ሁለት ሞኒተር። በ1983 የወጣው ሎተስ 1-2-3 የተባለው የሒሳብ ሰንጠረዥ ፕሮግራም ይህን ተጠቀመበት። ቁጥሩ በአረንጓዴ ፊደል በአንዱ፣ ግራፉ በባለ ቀለሙ። አንድ ስክሪን ብቻ ያለው ሰው ግራፉን ለማየት ቁጥሩን መደበቅ ነበረበት። ፕሮግራመሮችም ወደዱት፤ ፕሮግራማቸው በአንዱ ስክሪን እየሠራ በሌላው ስሕተቱን ያድናሉ።

ነገር ግን በሁለቱ ስክሪኖች መሀል አጥር ነበር። አንዱ ላይ ያለውን ነገር ጎትቶ ወደ ሌላው ማሻገር የለም።

አጥሩን ያፈረሰው በ1987 የወጣው ማኪንቶሽ ቱ ነው፣ ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ቀን እሱ ነው። ስድስት የካርድ ማስገቢያ ነበረው፤ ሁሉም ላይ የቪዲዮ ካርድ ከተሰካ ስድስት ሞኒተር ማለት ነው። ብዛቱን ተዉት። ማውሱን ስትገፉት ከአንዱ ስክሪን ጠርዝ ወጥቶ በሌላው ይገባል፤ አንድ መስኮት ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ መሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ሁሉንም እንደ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ ይቆጥራቸዋል። ሴቲንግ ውስጥ የሞኒተሮቹ ትንንሽ ምስሎች አሉ፤ ቤታችሁ እንዳስቀመጣችኋቸው አድርጋችሁ እየጎተታችሁ ትደረድራላችሁ። ዛሬ ዊንዶውስ ላይ 1 እና 2 የተጻፈባቸውን ሳጥኖች ስትጎትቱ የምትሠሩት ያንኑ ነው። ዋጋው ግን! ሃርድ ዲስክ ያለው ከ5,000 ዶላር በላይ፣ ሞኒተሩ ደግሞ ለብቻ።

ተራው ሰው ጋ የደረሰው በዊንዶውስ 98 ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሞኒተር ይቀበል ነበር። በ1999 ማትሮክስ ጂ400 ሁለት ሞኒተር የሚያያዝበት አንድ ካርድ ሆኖ መጣ። ከዚያ በኋላ ያለው የዋጋ መውረድ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

በዚያው በ1999 ግን ለእኛ የሚበልጥ ነገር ሆኗል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ለፊደሉ የራሱን ኮድ ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናል።

ይህን ለምን አነሳሁት? አያቴ በ90ዎቹ የተቀዱባቸው ካሴቶች እኔ ጋ አሉ። እየሰማሁ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ለታናናሾቼ ወደ ዕብራይስጥ እመልሳለሁ። በአንድ ስክሪን የሚሠራ ሰው አማርኛውን እየደመሰሰ ዕብራይስጡን ይተካበታል፤ ብዙ ቤት የቀረው ትርጉሙ ብቻ ነው። አያቴ «ሆዴ ባባ» ይላሉ። ዕብራይስጡ ላይ «ሂትራገሽቲ» ብዬ ጻፍኩ። ጎን ለጎን ሳያቸው ሆዱ የለም! ሁለቱም ፊት ለፊቴ ስላሉ አማርኛውን አልነካሁትም።

አደራደሬን ልንገራችሁ። አማርኛው በግራው ሞኒተር፣ ዕብራይስጡ በቀኙ። አንዱ ከግራ ሌላው ከቀኝ ስለሚጀምር ሁለቱም ወደ መሀል ይመጣሉ። አንድ መስመር ላይ ከቀላቀላችኋቸው ግን ነጥቡና ቁጥሩ ቦታውን ይስታል። ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ፣ ኪቦርዱ ጋ፣ ለእያንዳንዱ መስኮት የተለየ ቋንቋ እንዲያስታውስ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እሱን አብሩት፣ በየደቂቃው ከመቀያየር ያድናል።

ሁለተኛውን ሞኒተር ያድ ሽኒያ ግዙ፣ ለጽሑፍ አዲስ አያስፈልግም። ስትገዙ ግን የኮምፒውተራችሁን ጀርባ መጀመሪያ እዩ፣ ምን ዓይነት መሰኪያ እንዳለው። የተለየ ግራፊክስ ካርድ ካለው ሁለቱንም ገመድ እሱ ላይ ሰኩ። ከዚያ የዊንዶውስ ቁልፍንና ፒን አንድ ላይ ተጭናችሁ ማስፋትን ምረጡ፣ ማባዛቱን ሳይሆን። የሞኒተሮቹ አናት ከዓይናችሁ ጋር እኩል ይሁን፤ አንገታችሁ ያመሰግናችኋል።

እኔ አሁን ሦስተኛው ካሴት ላይ ነኝ። አያቴ ገና ሱዳን ጠረፍ መድረሳቸው ነው።